ለቅኝት ጉልበት አይገበርም

በፔዳል ስቲል ጊታር ዓለም እንደ አንዲት ትንሽ ብረት የተናቀ ነገር የለም። ከጊታሩ ሆድ ሥር ተደብቃ ነው የምትኖረው፤ ከፊት ለፊት ለሚያየው አድማጭ አትታይም። ሥራዋ አንድ ነው፦ በጉልበት የተገፋን ሌቨር እንደተገፋ ይዞ ማቆየት። እንደ በር መቀርቀሪያ ማለት ነው፤ እኔም መቀርቀሪያ ነው የምላት። ባለ 12 ክሩን «ዩኒቨርሳል» ጊታር ከሚጫወቱ ሰዎች መካከል ስሟ ሲነሳ ፊታቸው የሚጨፈግግ አሉ። የጀማሪ ናት፣ የሰነፍ ናት፣ አንዱን ጊታር ለሁለት ትገምሰዋለች፣ መሣሪያው በደንብ የገባው ሰው አያስፈልገውም ይላሉ። ይሄ ጽሑፍ ለእነሱ የተጻፈ መልስ ነው። ባጭሩ፦ ተሳስተዋል። ስሕተታቸው ደግሞ የሙዚቃ ብቻ ሳይሆን የመደመርና የመቀነስም ነው።

ረጅሙ መልስ መሣሪያውን ማወቅ ይጠይቃል። አናውቀውም የምትሉም ታውቁታላችሁ። ቤት ውስጥ አባትና አጎቶቻችሁ ዶን ዊሊያምስን ወይም ዶሊ ፓርተንን ሲከፍቱ፣ ከዘፋኙ ኋላ ሆኖ የሚያለቅስ፣ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እንደ ማር እየተሳበ የሚሄድ ነገር ትሰሙ የለ? እሱ ነው። ጊታሩ እንደ ጠረጴዛ በአራት እግር ይቆማል፣ ክሮቹ ወደ ሰማይ ያያሉ፣ ተጫዋቹ ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። ግራ እጁ ከባድ የተወለወለች ብረት ይዞ ክሮቹ ላይ ያንሸራትታል፤ ቀኝ እጁ ይመታል። ከወገብ በላይ ብቻ ለሚያየው ሰው ሰውዬው ፋይል የሚያገላብጥ የቢሮ ሠራተኛ ይመስላል። ጠረጴዛው ሥር ግን ሌላ ጭፈራ አለ። ግራ እግሩ ፔዳሎቹ ላይ ይመላለሳል፣ ቀኝ እግሩ የድምፁን መጠን የሚያበዛና የሚቀንሰውን ፔዳል ይጫናል፣ ሁለቱ ጉልበቶቹ ደግሞ ግራና ቀኝ የተንጠለጠሉ ሌቨሮችን ይገፋሉ።

ጊታሩን ገልብጣችሁ ሆዱን ብታዩት የብስክሌት ጠጋኝ ቤት ነው የሚመስለው። ፔዳል ሲረገጥ ወይም ሌቨር ሲገፋ አግድም የተዘረጋ ዘንግ ይዞራል፤ ዘንጉ ቀጫጭን ብረቶችን ይስባል፤ እነሱ ደግሞ በቀኝ ጫፍ ያለውን፣ ቼንጀር የሚባለውን ክፍል ያንቀሳቅሳሉ። እዚያ እያንዳንዱ ክር የራሱ ጣት አለው። ጣቷ ወደ አንድ ወገን ስትሄድ ክሩ ይወጠርና ድምፁ ይወጣል፤ ወደ ሌላው ስትሄድ ይላላና ድምፁ ይወርዳል። ሲለቀቅ ስፕሪንግ ሁሉንም ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ይቺን ስፕሪንግ አስታውሷት። ጠቡ ሁሉ የሚጀምረው ከእሷ ነው።

አሁን ወደ ቅኝቶቹ። ናሽቪል ኢ9 የሚባለውን ትወዳለች፤ ያ የምታውቁት ልቅሶ ከእሱ የሚመጣ ነው። የቴክሳስ ዳንስ አዳራሾች ደግሞ ሲ6ን፦ ወፈር ያለ፣ ጃዝ ጃዝ የሚል፣ ዌስተርን ስዊንግ የሚጨፈርበት። ሁለቱንም የፈለገ ሰው የተለመደው መፍትሔ በአንድ ሳጥን ላይ ሁለት አንገት መደርደር ነው፤ 10 እና 10፣ በድምሩ 20 ክር። ከነመያዣው 30 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝን አለ፤ እሱን ተሸክሞ ደረጃ የወጣ ሰው ወገቡ ይመሰክራል። ይሄ ሁሉ ክብደት ተሸክመህ ደግሞ በአንድ ጊዜ የምትጫወተው አንዱን አንገት ብቻ ነው። ሌላው ያን ጊዜ የክንድ ማሳረፊያ ነው።

ብልሃቱ የተገኘው እዚህ ላይ ነው። ሲ6ን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ብታደርጉት ቢ6 ይሆናል። አሁን ኢ9ን ወደ 12 ክር አስፍታችሁ አጠገቡ አስቀምጡት። 4ኛውና 8ኛው ክር ኢ ናቸው። እነዚህን ሁለቱን ብቻ በግማሽ ድምፅ ወደ ዲ ሻርፕ ስታወርዷቸው፣ ከ4ኛው እስከ 12ኛው ያለው በሙሉ ቢ6 ሆኖ ቁጭ ይላል። 11ኛውም ክር ኢ ነው፤ እሱ ግን አይነካም፣ ምክንያቱም ቢ6 ራሱ እታች አንድ ኢ ይፈልጋል። በቃ! ሁለት ክር፣ ግማሽ ግማሽ ድምፅ። በናሽቪልና በቴክሳስ መካከል ያለው ርቀት ይሄው ነው። 20 ክርና ሁለት አንገት ያሸከመን ነገር በአንድ የጉልበት ሌቨር ተፈታ ማለት ነው። ይሄን መጀመሪያ ያሰበው ሰው ጠርሙስ ሙሉ ጠጅ ይገባዋል።

ችግሩ ስፕሪንጓ ናት። ሌቨሩን በለቀቃችሁት ቅጽበት ሁለቱ ክሮች ወደ ኢ ይመለሳሉ፣ ቴክሳስም ትጠፋለች። ስለዚህ የስዊንግ ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ፣ ሦስት ደቂቃም ይሁን ስድስት፣ ሌቨሩን በጉልበት ገፍቶ መያዝ ነው። ወይም ደግሞ መቀርቀሪያ። ሌቨሩ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ብረቷ ትገባና ስፕሪንጉ እንዳይመልሰው ትይዘዋለች፤ ሲፈለግ ትነሳለች። አሠራሯ እንደ ጊታር ሠሪው ይለያያል፣ ሐሳቡ ግን አንድ ነው፤ የግቢያችሁ በር ላይ ካለው መቀርቀሪያ የበለጠ ምሥጢር የላትም። ሌላ መንገድ አለ የሚል ካለ፣ ሞሪስ አንደርሰን ነገሩን ገልብጦ ቢ ፍላት 6ን መነሻ ያደረገ ዩኒቨርሳል ይጫወት ነበር። እዚያ ደግሞ የሚያዘው ወደ 9ኛው ቅኝት የሚወስደው ሌቨር ነው። በአንዱ ወገን የሸሸኸውን በሌላው ታገኘዋለህ።

እንግዲህ ንጹሐኑ የሚሉትን እንስማ። (ስማቸውን እኔ ነኝ ያወጣሁላቸው፤ እነሱ ራሳቸውን «ሙዚቀኛ» ነው የሚሉት።) ዩኒቨርሳል ሁለት ቅኝት አይደለም፣ አንድ ትልቅ ቅኝት ነው ይላሉ። መቀርቀሪያ የሚጠቀም ሰው ይሄ አልገባውም። ከዚያ ደግሞ ዋናዋ ክርክራቸው ትመጣለች፦ ሌቨሩን ስትቀረቅረው አንድ ሌቨር አጣህ፣ መሣሪያህ አነሰ።

አንድ ሌቨር አጣህ? እስቲ እንቁጠር። ሌቨሩ ቢ6 ላይ እያለን የሚያዝ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በቀኝ ጉልበት በኩል ነው፤ ግራ እግር ከፔዳል ፔዳል እየዘለለ ግራ ጉልበትን አንድ ቦታ ማቆየት ጭንቅ ነውና። ቀኝ ጉልበት ሁለት ሌቨር አለው እንበል፣ ወደ ውጭ የሚገፋና ወደ ውስጥ የሚገፋ። አሁን ወደ ውጭ ያለውን ገፍታችሁ ያዙ። ወደ ውስጥ ያለውን በምን ትገፉታላችሁ? ሰው በአንድ ጉልበቱ በአንድ ጊዜ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አይገፋም፤ እግዚአብሔር እንደዚያ አልሠራንም። ስለዚህ በጉልበቱ የያዘ ሰው ያጣው ሁለት ሌቨር ነው፤ አንዱን ስለያዘው፣ ሌላውን ስለማይደርስበት። የቀረቀረ ሰው ግን ያጣው አንዱን ነው። ጉልበቱ ወደ መሐል ይመለሳል፣ ሌላውን ሌቨር እንደልቡ ይገፋል። እና መሣሪያው ያነሰው የማን ነው?

በአማርኛ ጉልበት የእግር መጋጠሚያም ነው፣ ኃይልም ነው። ለዚህ ክርክር ከዚህ የተሻለ ቃል አይገኝም። ምክንያቱም እየተጠየቅን ያለነው ሁለቱንም እንድንገብር ነው። ስፕሪንጉን ተቃውሞ የቆመ ጭን ይደክማል፤ ሲደክም በጣም በጥቂቱ ላላ ይላል፤ ሲላላ ሌቨሩ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ሁለቱ ክሮችም ከዲ ሻርፕ ወደ ላይ ይሾልካሉ። የሚሾልኩት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ወደ ኢ አይደለም። ያ ቢሆን እንኳ ይሰማና ይታረማል። የሚሾልኩት ስም ወደሌለው ቦታ ነው። አድማጩ ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ግን አንድ ነገር እንደጎመዘዘ ይሰማዋል። ከጭንቀት የተነሳ ከልክ በላይ የሚገፋም አለ፤ ብረቶቹ ሲለመጡ ድምፁ በተቃራኒው ይወርዳል። መቀርቀሪያዋ ግን አትደክምም፣ አትጨነቅም። መጀመሪያው ስንኝ ላይ ያለችበት ቦታ መጨረሻውም ስንኝ ላይ አለች።

ቀኝ እግሩስ? ያ ጉልበት ባዶ እግር ላይ የተተከለ አይደለም። እታች የድምፅ መጠኑን ፔዳል ይዟል። የዚህ መሣሪያ ትንፋሽ እኮ እዚያ ነው ያለው፤ ክሩ እየሞተ ሲሄድ ፔዳሉን ቀስ እያለ የሚጨምር ቁርጭምጭሚት ነው ድምፁን ዘፋኝ የሚያስመስለው። ጉልበቱን ወደ ጎን ገፍቶ የያዘ ሰው ቁርጭምጭሚቱን አጣሞ ነው ይሄን ረቂቅ ሥራ የሚሠራው። ይቻላል? ይቻላል። በአንድ እግር ቆሞም ቡና መቅዳት ይቻላል።

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ፤ ንጹሐኑ ብዙ ጊዜ በታሪክ ስለሚምሉ። ፔዳል ራሱ መጀመሪያ ለምን ተሠራ? ከፔዳሉ በፊት የነበሩ የስቲል ጊታር ተጫዋቾች አንድ ቅኝት አልበቃ ሲላቸው አንገት ይጨምሩ ነበር፤ በኋላም ቢሆን የፌንደር ስትሪንግማስተር ሦስትና አራት አንገት ሁሉ ያለው ይሸጥ ነበር። ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1940 አካባቢ ያወጣው ኤሌክትራሃርፕ ፔዳል ሲጨመርበት ዓላማው ይሄን አንገት ማብዛት መተካት ነበር። ፔዳሉን ትረግጣለህ፣ ሌላ ቅኝት ይሆንልሃል፣ በእሱ ትጫወታለህ። ክሩ እየጮኸ እያለ ፔዳሉን መርገጥና የድምፁን መታጠፍ ራሱን ለአድማጭ ማሰማት በኋላ የመጣ ነገር ነው። ያንን ለዓለም ያሰማው ባድ አይዛክስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1954 በወጣው የዌብ ፒርስ «ስሎውሊ» ላይ፣ ፖል ቢግስቢ በሠራለት ጊታር። ከዚያ በኋላ ያልተከተለው ጥቂት ነው። ዛሬ ፔዳል ስቲል የምንለው ልቅሶ የተወለደው ያን ጊዜ ነው።

ይሄ ማለት ምን ማለት ነው? ቅኝትን ቀይሮ እዚያው መቆየት የመሣሪያው ትልቁ ወንድም ነው፤ ማልቀሱ ታናሹ ነው። መቀርቀሪያዋ የምትሠራው የመጀመሪያውን ሥራ ነው። እሷን «ከመሣሪያው መንፈስ ውጭ ናት» የሚል ሰው የመሣሪያውን ታሪክ የሚጀምረው ከመሐል ነው።

ደግሞ «ማጭበርበር ነው» የሚለው ወቀሳ መጨረሻ የለውም። ጄሪ በርድን ውሰዱት። ሲ6 ቅኝትን በመፍጠር ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሳው እሱ ነው፤ በስቲል ጊታር ታሪክ ከታላላቆቹ አንዱ ነው። ናሽቪል ሁሉ ወደ ፔዳል ሲሄድ እሱ አልሄደም። ብረቷን በማጋደልና በእጁ ብቻ ሠራ፣ በኋላም መሣሪያው ወደተወለደበት ወደ ሃዋይ ሄዶ እዚያ ኖረ። የእሱ አቋም ክብር ይገባዋል፤ ምክንያቱም ሙሉ ነው። ፔዳል አልፈልግም ካልክ ፔዳል የለህም። የዛሬዎቹ ንጹሐን ግን ሰባት ፔዳል፣ አራት አምስት ሌቨር፣ በደርዘን የሚቆጠሩ ስፕሪንጎች ላይ ተቀምጠው ነው አንዲትን መቀርቀሪያ «ሜካኒካል እርዳታ» ብለው የሚወቅሱት። እንዴ! ከወገብህ በታች ያለው ሁሉ ምንድን ነው ታዲያ?

ከዚህ ይልቅ ክራር ተጫዋችን ተመልከቱ። ከትዝታ ወደ ባቲ ሊሄድ ሲል ምን ያደርጋል? ቀምበሩ ላይ ያሉትን መወጠሪያዎች ያጠነጥናል ወይ ያላላል፣ ጆሮውን ጠጋ አድርጎ ይሞክራል፣ ከዚያ ዘፈኑን በሙሉ በባቲ ይጫወታል። እስኪጨርስ ድረስ አውታሩን በጣቱ ጎትቶ ካልያዘ ባቲ አልገባውም የሚል ሰው አለ? ሲጀመር ቅኝት የምንለው ነገር ለዘፈኑ ርዝመት የሚቆም ቤት ነው። ዩኒቨርሳሉ ላይ ያለችው መቀርቀሪያ የምታደርገውም ይሄንኑ ነው፤ የምትለየው በፍጥነቷ ብቻ ነው።

እውነት ለመናገር ንጹሐኑ አንድ ጠንካራ ነገር አላቸው፤ እሱን ካልተናገርኩ ይሄ ጽሑፍ ጩኸት ብቻ ይሆናል። በጉልበቱ የያዘ ሰው መልቀቅ ይችላል። ቢ6 ላይ ሆኖ፣ ክሩ እየጮኸ፣ ጉልበቱን ቀስ አድርጎ ሲመልስ ሁለቱ ክሮች ከዲ ሻርፕ ወደ ኢ ይወጣሉ፤ ከዚያ መልሶ ይገፋል። ይሄ መታጠፍ ውብ ነው። በተለይ ሐረጉ ሊያልቅ ሲል፣ አንዱ ዓለም በሌላው ውስጥ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ይመስላል። የተቀረቀረ ሌቨር ይሄን አያደርግም፤ ኢን ከፍ የሚያደርገውን ሌላኛውን ሌቨር ጨምሮ ወደዚያው አካባቢ መድረስ ይቻላል፣ ነገር ግን አንዱ ሲያወርድ ሌላው ሲያወጣ መሐል ላይ የሚገኘው ድምፅ በራሱ ጊዜ ልክ አይመጣም፣ ለብቻው ማስተካከያ ይፈልጋል። ደግሞም ሁለት እጅ ሥራ ላይ እያለ መቀርቀሪያ የሚነካ ሦስተኛ እጅ የለንም፤ ስለዚህ እሷ የዘፈን መሐል መሣሪያ አይደለችም። በዘፈንና በዘፈን መካከል ነው ቦታዋ፣ ቢበዛ ዘፋኙ ብቻውን በቀረበት ፋታ።

እና? በሩ መቀርቀሪያ ስላለው ሁልጊዜ ይዘጋል ያለ ማን ነው? መልቀቅ የምትፈልግበት ዘፈን ላይ አትቀርቅራት። መሣሪያው ላይ መኖሯ አንድም ሙዚቃ አይከለክልህም፤ አለመኖሯ ግን ይከለክላል። የምንከራከረው ስለ ምርጫ ሆኖ ሳለ፣ አንዱ ወገን ሁለቱንም ይዞ ሌላው ወገን አንዱን ብቻ ይዞ «እኔ ነኝ ሙሉው» ይላል። «አንድ ትልቅ ቅኝት ነው» የሚለውም ቢሆን፣ እኔም አምናለሁ። ትልቅ ቤት ነው። ግን ትልቅ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ሳሎን ለመቀመጥ የሳሎኑን በር በእግሩ ደግፎ አይውልም።

ስለ አካል የሚነገረው ነገር ደግሞ ይበልጥ ያናድደኛል። የዳሌ ሕመም ያለበት ሰው አለ። አጭር እግር ያላት ልጅ አለች፤ ሌቨሩ ላይ ለመድረስ ብቻ ግማሽ ኃይሏ ያልቃል። ለሌሎቹ የማይሰማቸው ስፕሪንግ ለእሷ ግድግዳ ነው። አንድ ምሽት ሙሉ የዳንስ ሙዚቃ የሚጫወት ሰው ሦስተኛው ሰዓት ላይ የሚያስበው ስለ ሙዚቃው ሳይሆን ስለ ጭኑ ነው። ለእነዚህ ሰዎች «ልምምድ ያስፈልግሃል» ማለት ምክር አይደለም፤ በር መዝጋት ነው። የሚዘጋው በር ደግሞ የኢ9 አይደለም፣ እሱን ሁሉም ይገባበታል። የሚዘጋው ዌስተርን ስዊንጉና ጃዙ ነው፣ ያውም ዩኒቨርሳሉ የተሠራው ሁለት አንገት መግዛትና መሸከም ላልቻለ ሰው ያንን በር ሊከፍት ሆኖ ሳለ።

በሌላ ወገን ያሉትንም አልምራቸውም። መቀርቀሪያ ያለውን ጊታር «ሁለት ጊታር በአንድ» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ይዋሻል። ስትቀረቅረው ሲ6 አይደለም የሚሆነው፣ ቢ6 ነው። ከሲ6 የለመድከው ሁሉ አንድ ፍሬት ወደ ላይ ይሄዳል፤ በክፍት ክር በሲ ትጫወተው የነበረ ነገር አሁን በክፍት ክር አይገኝም። በኢ9 ወገንም 9ኛው ክር ላይ ተቀምጣ የነበረችው ዲ ቦታዋን ለሌላ ክር ለቅቃለች፤ ከቢ በሌቨር ስበህ ነው የምታመጣት። ይሄን ሳይነግር ጊታር የሚሸጥ ሰውና መቀርቀሪያ የሚያንቋሽሽ ንጹሕ ለገዢው እኩል ናቸው፤ ሁለቱም መሣሪያውን እንዳለ አያሳዩትም።

ያገለገለ ዩኒቨርሳል የምትገዙ ከሆነ ሳትከፍሉ በፊት ይሄን አድርጉ። መጀመሪያ ሌቨሩን በጉልበታችሁ እስከ መጨረሻው ገፍታችሁ 4ኛውንና 8ኛውን ክር በቃኝ መሣሪያ ለኩ። ከዚያ ቀርቅሩትና እግራችሁን አንስታችሁ እንደገና ለኩ። ሁለቱ ልኬት አንድ ከሆነ መቀርቀሪያዋ ጤነኛ ናት። ሲቀረቀር ድምፁ ትንሽ ወደ ላይ ከወጣ ብረቷ ተበልታለች ወይም ቦታዋን ስታለች፤ ያ ይጠገናል፣ ዋጋ ለማስቀነስም ጥሩ ምክንያት ነው። መቀርቀሪያዋ ጭራሽ ከሌለች ደግሞ ጊታሩን ገልብጡና ከሌቨሩ አጠገብ ባዶ የብሎን ቀዳዳ እንዳለ እዩ። ካለ፣ አንድ ንጹሕ ሰው እዚያ አልፏል ማለት ነው፤ ብረቷን የት እንዳስቀመጣት ጠይቁት።